ልጃቸው ካንሰር ያለባትን ቤተሰብ በምን እናግዝ? (ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ ጎረቤት ከባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። የባለቤቴ የአክስት ልጅ የ6 ዓመት ልጇን ይዛ ከደቅ ደሴት መጥታ እኛ ቤት ናት። ልጅቷ የደም ካንሰር አለባት ተብሎ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ጀምራለች። ሐኪሞቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። የኔ ጥያቄ ከመድኃኒቱ ውጭ ስላለው ነው።

ልጅቷ በተኛች ቁጥር እናትየዋ ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፋ ታድራለች። አባትየው እርሻውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ ከሁለቱ ልጆች ጋር ደቅ ቀርቷል። ትልቋ ገና 11 ዓመቷ ነው፤ ትምህርቷን ትታ ቤት እየያዘች ነው። ዘመድ ሙዝና ጁስ ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማራት» ብሎ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ልጅቷ ፊቷ መለስ ሲል አባትየው «ተሽሏታል፣ ይዘሻት ግቢ» እያለ ነው። እኛም የወር ደሞዝተኞች ነን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ

እህቴ፣ ከአባትየው ጀምሩ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

የደም ካንሰር ሕክምና እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይነቃል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ቤተሰብ «ዳነች» ብሎ የሚገባው ያኔ ነው። በሽታው ግን ተደብቆ አለ። ሕክምናው ከተቋረጠ ይመለሳል፣ ሲመለስም ለማከም ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሀብታም አገሮች ውስጥ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ ድሃ አገሮች ውስጥ ከ30 በመቶ በታች። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ሕክምና ማቋረጥ ነው። የሚያስቋርጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የቤት ጣጣ ነው። ስለዚህ አባትየው አንድ ጊዜ ይምጣና ሐኪሙ ራሱ ቁጭ ብሎ ያስረዳው። ከሚስቱ በስልክ ሲሰማ «ሆድ ባሳት» ይላል፤ ከሐኪም አፍ ሲሰማ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ትኩሳት ነው። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ያወርዳል። ቴርሞሜትር ግዙላት፣ እናትየዋም ማንበብ ትለማመድ። 38 ዲግሪ ከደረሰ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «እስኪ ይንጋ» ማለት የለም። ደቅ ላይ ሆኖ ይህ ቢመጣ ጀልባ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ደሟ በሚወርድባቸው ቀናት (በኬሞው ምክንያት የደም ሴሎቿ ቁጥር ሲቀንስ ማለቴ ነው) ከተማ ትቆይ። መቼ መሄድ እንደሚቻል ሐኪሙን በቀን ቁርጥ አድርጋችሁ ጠይቁት።

ምግቧ ትኩስና በደንብ የበሰለ ይሁን። ያልፈላ ወተት፣ ጥሬ ሥጋ አይሆንም። የጣና ዓሣም እስከ አጥንቱ ይብሰል። አፏ ከቆሰለ በርበሬ የሌለው፣ ለብ ያለ አጥሚት ወይም ሾርባ ይሻላል።

መልስ፦ የታካሚ እናት የነበርኩ

ልጄ ሕክምናውን ጨርሶ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ተመስገን። እና የምነግርሽ፣ «ምን ላግዝሽ?» አትበሏት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም» ነው የምትለው። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። የረዳኝ ያልጠየቀኝ ሰው ነው። የሠፈሬ ልጅ ማታ መጣችና «እትዬ፣ ዛሬ እኔ አድራለሁ፣ ሂጂ ተጠቢና ተኚ» አለችኝ። ከልጄ አጠገብ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታወልቅ አየሁ። ያኔ ነው አምኜ የወጣሁት። ቀን ቆርጣችሁ በተራ እደሩላት።

ሌላው፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ኪኒን ስትወስድ ልጅቷ ሌሊት እየተነሳች «ምግብ!» ልትል ትችላለች። ትነጫነጫለች፣ እናቷን ትማታለች። ሰው «አቀብጠሻት ነው» ይላል። መድኃኒቱ ነው! ይህን ለሚጠይቃት ዘመድ ሁሉ አንቺ ቀድመሽ ንገሪ፣ እሷ እንዳትደክም። ካንሰር እንደማይጋባም ንገሪያቸው። ልጆቻቸውን ከልጄ ያራቁ ጎረቤቶች ነበሩኝ፣ ያ ከኬሞው በላይ ነው ያቃጠለኝ። እርግጥ ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠጋት፤ ያ ለእሷ ሲባል ነው።

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ

እድራችን የሚከፍለው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። አንድ አባል ልጁ ሲታመምበት ጉዳዩን ጉባኤ ላይ አቀረብን፣ ተከራከርንበት፣ በመጨረሻ በቃለ ጉባኤ አጸደቅነው። ምክሬ፣ አንድ ጊዜ ብዙ ብር ለቅማችሁ አትስጡ። ወዲያው ያልቃል፣ ሰውም «ሰጥቻለሁ» ብሎ ይቀራል። ትንሽ ይሁን፣ ግን በየወሩ። ብሩን የሚይዝ አንድ ሰው፣ የሚጽፍ ሌላ ሰው ይኑር።

የጤና መድህን ካርዳቸውንም እዩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካላቸው በየዓመቱ መታደስ አለበት፣ ሪፈር ወረቀቱም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ መምጣት አለበት። ደረጃው ከተዘለለ ከራስ ኪስ መክፈል ይመጣል። ሆስፒታሉ ውስጥ የጠፋ መድኃኒት ውጭ ከተገዛ ደረሰኙ ይቀመጥ። መድህኑ የትራንስፖርትና የአስታማሚ ማደሪያ አይከፍልም። የእናንተ ብር ለዚያ ይሁን።

መልስ፦ መምህር

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የ11 ዓመቷን ልጅ አትርሷት። አንድ ሰው ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ይደውል። ጉዳዩን ካወቁ ይታገሷታል፣ ደብተርም ይልኩላታል። አክስት ወይም አያት ደቅ ሄዳ ብትከርም ጥሩ ነው። ደቅ ለቀሩት ለሁለቱ ልጆችም እውነቱን በልካቸው ንገሯቸው። ልጅ ካልነገሩት «በኔ ጥፋት ነው የታመመችው» ብሎ ያስባል።

መልስ፦ ደም ለጋሽ

ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ደም ሊያስፈልገው ይችላል። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። ባሕር ዳር ደም ባንክ አለን። ብር የሌለው ዘመድ ይህን ያድርግ።

ጎረቤት ከባሕር ዳር፦

እግዜር ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አያቷ ጸበል ካልተወሰደች እያሉ ነው። ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ቢልኳትስ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦

እናቴ ቢሆኑ የምላቸውን ልበል። «እማማ፣ ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱ ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ።» አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረው ነበር። ግን ደሟ በወረደበት ሰሞን ሰው የተጨናነቀበት ቦታ አትውሰዷት፣ በቀዝቃዛ ውኃም አትጠመቅ። ንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ይጸልዩላት።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ከተላከች፣ ተስፋ አዲስ የሚባል በወላጆች የተቋቋመ ድርጅት አለ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ይሰጣል። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ይረዳል፤ ስሙ በደም ካንሰር ያረፈ ሕፃን ስም ነው። ሳትነሱ ደውሉና ቦታ መኖሩን አጣሩ።

መልስ፦ ቤት አከራይ

እህቴ፣ ግቢዬ ውስጥ አንድ ክፍል ባዶ አለች። ውኃና ሽንት ቤት አላት። አባትየው ሐኪሙን ሊያናግር ሲመጣ፣ ወይም እናንተ ቤት ሲጠብ፣ ያለ ኪራይ ይግቡባት። ሕክምናው እስኪያልቅ ለሌላ አላከራያትም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቁልፉን ነገ አቀብልሻለሁ።