ክርክር፦ መምህራንን ውጭ አገር ልኮ ክፍል ማስጎብኘት ወይስ እዚሁ እርስ በርስ ማስጎብኘት?

አወያይ (ደብረ ማርቆስ)፦ ለመምህራን ማሻሻያ የሚመደበው ገንዘብ ሁሌም ጠባብ ነው። አንዱ ወገን «ጥቂት መምህራን ውጭ ሄደው የሌላ አገር ክፍል አይተው ይመለሱ» ይላል። ሌላው «ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለው መምህር የጎረቤቱን ክፍል እንኳ አይቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ እዚያ እንጀምር» ይላል። ማን ሄደ፣ ማን ቀረ የሚለውን ትተን ስለ ሥራው እንነጋገር።

የሒሳብ መምህር (ቢቸና)፦ እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ማስረጃ ማኅደር፣ በመሙላት ነው። ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓቱን ብቻ ለክፍል ጉብኝት ብናውለው፣ አንድ መምህር በዓመት 10 የባልደረቦቹን ክፍለ ጊዜ አይቶ ከእያንዳንዱ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ መወያየት ይችላል። ፓስፖርት የለ፣ ቪዛ የለ። ከውጭ የመጣ ነገር እንዴት እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ክፍል ውስጥ የገባውን ፕላዝማ፣ የቴሌቪዥን ትምህርቱን፣ አስታውሱ፤ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅና ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ይናገራል። መምህሩ «ቆይ» ሊለው አይችልም። መብራት ከሄደ ያ ትምህርት ሄደ።

የኮሌጅ አሠልጣኝ (ፍኖተ ሰላም)፦ መምህር፣ ፕላዝማው ለእኔ የተቃራኒው ማስረጃ ነው። ያኔ ባሕር የተሻገረው ትምህርቱ ነው፤ መምህሩ ተሻግሮ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ጠይቆ አልተመለሰም።

ጃፓንን እንውሰድ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ «ጁግዮ ኬንክዩ» የሚባል ልማድ አላቸው፤ አንድን ትምህርት በጋራ መመርመር ማለት ነው። ከአራት እስከ ስድስት መምህራን አንድ ርዕስ መርጠው ለሳምንታት አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ዳር ዳር ቆመው ይመለከታሉ። የሚመለከቱት መምህሩን ሳይሆን ተማሪውን ነው፦ ይህ ልጅ የት ላይ እርሳሱን አስቀመጠ? ያቺኛዋ ምን ጽፋ አጠፋች? ተመልካች ተማሪን አይረዳም፣ መልስም አይጠቁምም። ውይይቱ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ያስተማረው ነው፤ የሚተቸውም ትምህርቱ እንጂ ሰውየው አይደለም።

ይህን በወረቀት ማንበብ ይቻላል። የማይነበበው ዝርዝሩ ነው። ሰሌዳቸውን ብቻ እዩ፦ በግራ ጫፍ የዕለቱ ጥያቄ አለ፤ መካከሉ ላይ የሦስት ወይም የአራት ተማሪዎች አሠራር፣ የተሳሳተውም ጭምር፣ ጎን ለጎን ይጻፋል፤ ቀኝ ጫፍ ላይ የተደረሰበት ይሰፍራል። ዳስተር አይነሳም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ትምህርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ይታያል፤ የዘገየ ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል። እኛ ሰሌዳው ሲሞላ ከግራ ጀምረን እናጠፋለን፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ገና ያንን እየጻፈ ነው።

ርዕሰ መምህርት (ዳንግላ)፦ የሰሌዳው ነገር እውነት ነው፤ ጠመኔ ብቻ ስለሚፈልግ ነገውኑ መጀመር ይቻላል። ሌላው ግን አይደለም። ውጭ የሄዱ መምህራን የነጠላ ወንበር ክፍል ያያሉ፤ እኛ ጋ 70 ልጅ ኮምባይን ዴስክ (ወንበሩ ከጠረጴዛው የተያያዘ) ላይ ሦስትም አራትም ሆኖ ተጣብቋል። የቡድን ሥራ አይቶ የመጣ መምህር ዴስክ ልጎትት ሲል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። መፍትሔው ዴስኩን አለመንካት ነው፦ የፊተኛው ረድፍ ልጆች ወደ ኋላ ይዙሩ፣ ከኋላቸው ካሉት ጋር ስድስት ይሆናሉ። ይህን ፊንላንድ ሄዶ ማየት አይቻልም። ያገኘው መምህር ግን ጎረቤት ትምህርት ቤት አለ።

የቀን መቁጠሪያውንም አስቡት። የእኛ መምህር ነፃ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ እሱም የክረምት ትምህርት ከሌለበት። ፊንላንድ ከግንቦት መጨረሻ ገደማ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ዝግ ነው። ጃፓን ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ዕረፍት ይገባል። በዚያ ጊዜ የተላከ መምህር ሕንፃ አይቶ፣ ስላይድ ተመልክቶ፣ አንድም ተማሪ ሳያይ ይመለሳል።

የፊዚክስ መምህር (ቡሬ)፦ እህታለም፣ ስለዚህ ነው ኬንያ የምለው። የእነሱ ሁለተኛ ተርም የሚያልቀው በሐምሌ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ እኛ ስናርፍ እነሱ ያስተምራሉ። ክፍላቸው ብዙ ጊዜ እንደኛው የተጨናነቀ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ «ስማሴ» የሚባል የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ፕሮግራም አካሂደዋል። መነሻው ማቀድ፣ ማስተማር፣ ማየት፣ ማሻሻል ነው። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ባካባቢ ዕቃ ሙከራ መሥራትም በፕሮግራሙ ውስጥ አለ። ሃይላንድ ጠርሙስ ላይ በተለያየ ከፍታ ሦስት ቀዳዳ በስተህ ውኃ ሙላበት፤ የታችኛው ቀዳዳ በኃይል ይረጫል፣ የላይኛው ይንጠባጠባል። የፈሳሽ ግፊት በአምስት ደቂቃ ታየ። ቀዳዳዎቹ እኩል ስፋት ከሌላቸው ግን ውጤቱ ያሳስታል፤ በአንድ ሚስማር መብሳት ነው።

ሱፐርቫይዘር (ሞጣ)፦ የምትሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ክፍል የማይገባ ሰው ነው። አይቶ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሪፖርቱ ፋይል ይገባል። ሁለተኛ፣ አንድ መምህር ብቻውን ይላካል፤ ተመልሶ ሲሞክር የሚደግፈው የለም፣ በዓመቱም በዝውውር ይሄዳል። ስለዚህ ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ይሂዱ፤ ከተመለሱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ለመቆየት ይፈርሙ። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ዘግይቶ ይጀመራል። ለአውሮፓ ሼንገን ቪዛ ግብዣ ደብዳቤ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። አራት ወር ቀድሞ ያልጀመረ ቀጠሮ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል።

የአማርኛ መምህርት (ደብረ ወርቅ)፦ በጎጃም ምድር ሆነን «መምህር መሄድ አለበት ወይ?» ብለን መከራከራችን ይገርመኛል። የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ቅኔ ቤት ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዋድላ የሚሻገረው ለምንድን ነው? አንዱ ቤት ያልሰጠውን መንገድ ከሌላው ሊሰማ ነው። ሌሊት የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ የሚታረመው በሌሎች ፊት ነው፤ ቅኔው ተመዘነ እንጂ ሰውየው ተዋረደ አይባልም። አሠልጣኙ ከጃፓን ያመጡልን ውይይት ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው፤ ሰው ክፍልህ ገብቶ ከተቀመጠ የብቃት ምዘና እየሞላብህ ይመስልሃል። ምልከታውን ከነጥብ ካልለየነው ባሕር ማዶም፣ ጎረቤትም መሄድ ዋጋ የለውም።

የሒሳብ መምህር (ቢቸና)፦ መምህርት፣ በዚህ ተረትቻለሁ። ግን ያንን ውይይት እዚህ ያልለመደ መምህር እዚያ ሄዶ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ስለዚህ ተራው ይከበር፦ መጀመሪያ በጉድኝቱ፣ በጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ውስጥ አምስት የክፍል ጉብኝት ያደረገ፣ አንድ ያልፈታው የማስተማር ችግር በጽሑፍ የያዘ ይሂድ። «የክፍልፋይ መደመር ላይ ልጆቼ ታህቱን ከታህቱ ይደምራሉ፤ እናንተ ይህን ስሕተት እንዴት ታወጡታላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይዞ ይመጣል። «የትምህርት ሥርዓታችሁን ልይ» የሚል ፎቶ ይዞ ይመጣል።

ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ በከረመበት አገር፣ ልጁን ወደ ክፍል መመለስ ከማንኛውም ጉዞ ይቀድማል።

የኮሌጅ አሠልጣኝ (ፍኖተ ሰላም)፦ ይቀድማል፣ አልከራከርም። ተራውንም እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ጉብኝቱ የአንድ ወገን አይሁን፤ የሄድንባቸው መምህራንም መጥተው የ70 ልጅ ክፍላችንን ይዩ። 70 ልጅ ጸጥ አድርጎ አንድ መጽሐፍ ለአራት አካፍሎ ማስተማርን እነሱም ከእኛ ይማሩታል።

ርዕሰ መምህርት (ዳንግላ)፦ እንግዳ የምትጠሩ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ አትጥሩ። አዝመራ ስለሚሰበሰብ ብዙው ልጅ ማሳ ላይ ነው፤ 70 ያልነው ክፍል 30 ሆኖ ያዩታል። የካቲት ይምጡ።