የግቢያችንን ዋይፋይ ማን ማን እንደሚጠቀምበት አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?

የማርቆስ ግቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ከዋናው ቤት ሌላ 5 ሰርቪስ ክፍል አለ፤ ተከራዮቹ ተማሪዎች ናቸው፣ ዋይፋዩ ከኪራዩ ጋር ነው የሚሰጣቸው። መስመሩ ፋይበር ነው፣ በእኔ ስም የወጣ። ፓስወርዱ የስልክ ቁጥሬ ነው፤ ከገባ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። የሞደሙን ገጽ ስከፍተው 23 መሣሪያ ያሳየኛል፤ እኛ ሁላችንም ብንቆጠር ከ11 ስልክና ከአንድ ቴሌቪዥን አናልፍም። መንቀራፈፉን እችለዋለሁ። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፦ አንዱ በዚህ መስመር ሰው ቢያጭበረብርበት የሚመጡት አንቺ ዘንድ ነው አሉኝ። እውነት ነው? ተከራዮቹን ሳላስቀይም እንዴት ልዝጋው? ኮምፒውተር የለኝም፣ በስልክ ነው የምሠራው።

ዳሞት፦
እታለም፣ የሰሙት እውነት ነው። ከሞደሙ ወዲህ ያለው ስልክ ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው እርስዎም፣ ተከራዩም፣ አጥር ተደግፎ የሚጠቀመውም አንድ ናቸው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ያ መረጃ የትኛው መስመር በስንት ሰዓት ወዴት እንደሄደ ይናገራል፤ ከየትኛው ክፍል እንደተነሣ ግን አያውቅም። መስመሩ በስምዎ መሆኑ ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግዎትም፤ ጥያቄው ግን ከእርስዎ በር ይጀምራል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ የማያውቁትን ማስወጣት፣ የሚያውቁትን ደግሞ ለይቶ መያዝ። ብዙው ሰው የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ይተወዋል።

አሁን ወደ ፓስወርዱ። የስልክ ቁጥር ፓስወርድ አይደለም። በ09 የሚጀምር ቁጥር ቢበዛ 100 ሚሊዮን ነው፣ በ07 የሚጀምረውን ቢጨምሩበት 200 ሚሊዮን። ሌባው ደግሞ በሞደሙ ላይ አንድ በአንድ እየሞከረ አይቆምም። አንድ ስልክ ሲገናኝ በአየር ላይ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ይቀዳና ቤቱ ሄዶ ኮምፒውተሩ ላይ ይሞክራል። በሰከንድ 500,000 የሚሞክር ግራፊክስ ካርድ ቢኖረው 200 ሚሊዮኑን ለመጨረስ 7 ደቂቃ አይፈጅበትም። «የሚከራይ ቤት» ብለው በሩ ላይ የለጠፉት ቁጥር ራሱ ከሆነማ ይህ ሁሉ ሂሳብም አያስፈልግ።

አዲሱ ከ16 ፊደል አይነስ፤ የሚፈቀደው ከ8 እስከ 63 ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 4 የአማርኛ ቃላት ይምረጡ፣ ለምሳሌ መሶብ፣ ድልድይ፣ ሎሚ፣ መስኮት ዓይነት፤ ይህንኑ ግን አይውሰዱት። በላቲን ፊደል ይጻፏቸው፣ ምክንያቱም ብዙ ሞደም የግዕዝ ፊደል አይቀበልም። ተረትና ምሳሌ፣ የታቦት ስም፣ የከተማ ስም ከዓመተ ምሕረት ጋር፣ እነዚህን የሚገምት ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም።

23 የሚለውን ደግሞ እንዳለ አይውሰዱት። ዝርዝሩ አድራሻ የተሰጠውን ሁሉ ነው የሚያሳየው፤ የአድራሻው ዕድሜ 24 ሰዓት ከሆነ ትናንት ቡና ጠጥቶ የሄደ እንግዳ ዛሬም አለ። ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት፣ 10 ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ ይቁጠሩ። ማታ ሁሉም ሲገባ ቢያደርጉት ይሻላል።

ባለ ፒንሳ፦
በስልክ የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሞባይል ዳታውን ያጥፉ፤ አለዚያ ስልኩ በሲም ወጥቶ ገጹን አያገኘውም። ብሮውዘሩ ላይ ከላይ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ይጻፉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሞደሙ ጀርባ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፣ የመግቢያው ስምና ፓስወርድም እዚያው ነው። ምንም ከመንካትዎ በፊት ያንን ወረቀት ፎቶ ያንሡት።

ቅደም ተከተሉ ቁም ነገር አለው። አስቀድሞ የሞደሙ መግቢያ ፓስወርድ ይቀየር፤ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። ይህ ካልተቀየረ ዋይፋዩን የሚያውቅ ተከራይ ሁሉ ገብቶ አዲሱን ማየት ይችላል። ይባስ ብሎም ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረውን) ለውጦ የባንክዎን ስም ሲጽፉ ሌላ ገጽ ላይ ሊጥልዎት ይችላል። ስለዚህ እግረ መንገድዎን የዲኤንኤሱን ቦታ ይዩት፤ እርስዎ ሳያስገቡት በእጅ የተጻፈ የማያውቁት ቁጥር ካለ ወደ «አውቶማቲክ» ይመልሱት።

ቀጥሎ ደብሊው ፒ ኤስ ይጥፋ። ይህ ቁልፍ ተጭኖ ወይም 8 አኃዝ ፒን አስገብቶ መገናኛ ነው። ስምንተኛው አኃዝ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ ሞደሙ የፊተኛውን 4 እና የኋለኛውን 3 ለየብቻ ስለሚያጣራ ለሌባው 11,000 ሙከራ ይበቃዋል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ቀዳዳ ነው። እሱ ክፍት ከሆነ ፓስወርድዎ 40 ፊደል ቢሆንም አጥሩን ትቶ በሩን መቆለፍ ነው።

ከዚያ የሴኩሪቲው ዓይነት፦ ደብሊው ፒ ኤ 2 ከኤ ኢ ኤስ ጋር። ደብሊው ፒ ኤ 3 ካለው የሁለቱን ቅልቅል ይምረጡ። ቲ ኪ አይ ፒ የሚለውን አይንኩት፤ ደካማ ከመሆኑም በላይ ፍጥነቱን ከ54 ሜጋቢት በላይ አያሳልፈውም። ሪሞት ማኔጅመንት (ሞደሙን ከውጭ ሆኖ ማዘዣ) እና ዩፒኤንፒ (መሣሪያዎች ራሳቸው ወደ ውጭ በር የሚያስከፍቱበት) ይጥፉ። የዋይፋዩን ፓስወርድ በመጨረሻ ይቀይሩ፤ «አፕላይ» ባሉ ቅጽበት የእርስዎም ስልክ ይቋረጣል።

አንድ ነገር አደራ! ሪሴት የምትባለዋን ቀዳዳ በመርፌ ተጭነው እንዳይዙ። 10 ሰከንድ ከያዟት የመስመሩን ዩዘርና ፓስወርድ ጭምር ትጠርገዋለች፤ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ያኔ 994 ደውሎ እንደገና ማስሞላት ነው። ፒፒፒኦኢ፣ ቪላን፣ ቲአር 069 የሚሉትንም እንዳሉ ይተዉአቸው፤ የአገልግሎት ሰጪው ናቸው።

የጮቄ ልጅ፦
ይህን ሁሉ ከመድከም የዋይፋዩን ስም መደበቅና የ12ቱን መሣሪያ ማክ አድራሻ (የየመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ብቻ መፍቀድ አይሻልም? በቃ ሌላው አይገባም።

ዳሞት፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ለቅን ሰው ናቸው። የተደበቀ ስም አንድ ስልክ ሲገናኝ በግልጽ ይጠራል፤ ለመስማት ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ማክ አድራሻም ሳይመሰጠር ነው የሚተላለፈው፤ የተፈቀደለትን ስልክ ማክ አይቶ የራሱን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ደግሞ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየኔትወርኩ የፈጠራ ማክ ይዘው ነው የሚገቡት። ዝርዝሩን ከስልኩ «አባውት» ላይ እየገለበጡ ከሞሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ይዘጋባቸዋል። ማክ ለመከልከል ሳይሆን ለመለየት ይጠቅማል፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የማርቆስ ግቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንደተባለው አደረግሁ፣ ማታ ሲቆጠር 10 ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግን 15 ደረሰ። ለተከራዮቹ ብቻ ነው የሰጠሁት። እንግዳ ለሚባለው ኔትወርክ ሌላ ፓስወርድ ሰጥቼ ሁሉንም እዚያ ባወጣቸውስ? አንዱ ልጅ ደግሞ ስልኩ አሮጌ ነው፣ ከተቀየረ ጀምሮ እምቢ አለው።

ባለ ፒንሳ፦
ማንም አልሰበረውም፣ ተሰጥቶ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ የተገናኙበትን ዋይፋይ ነክተው «ሼር» ሲሉ ካሬው ኮድ ይወጣል፤ በብዙዎቹ ላይ ፓስወርዱም ከሥሩ ተጽፎ ይታያል። ጓደኛ አስካነ፣ ጓደኛውም ለጓደኛው አስካነ። የዋይፋይ ቁልፍ አጋሪ የሚባሉ አፖችም አሉ፤ አንዱ ተከራይ ስልኩ ላይ ከጫነ ፓስወርዱ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይሰራጫል። እነሱን እንዲያጠፉ በግልጽ ይንገሯቸው።

የአሮጌው ስልክ ችግር ከሁለት አንዱ ነው። ፒ ኤም ኤፍ የሚል ምርጫ «ሪኳየርድ» ላይ ከሆነ ወደ «ኦፕሽናል» ይመልሱት። ካልሆነም 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ አያይም ይሆናል፤ የ2.4ን ስም ለይተው ያሳዩት። ልጁ መጀመሪያ የድሮውን ኔትወርክ «ፎርጌት» ብሎ እንደ አዲስ ይግባ።

ዳሞት፦
የእንግዳ ኔትወርክ ጥሩ ነው፣ ግን የሚሠራውን ይወቁ። ተከራዩ የእርስዎን ቴሌቪዥንና ስልክ እንዳያይ ይከላከላል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ያው በእርስዎ አድራሻ ነው። መሣሪያዎን ይጠብቃል፣ ስምዎን አይጠብቅም። ለስምዎ የሚበጀው ለየክፍሉ የተለየ ፓስወርድ ነው። ብዙ የፋይበር ሞደም በ2.4 ላይ 4 ያህል ስም ይፈቅዳል፦ አንዱን ለቤተሰብ፣ የቀሩትን 3 ለ5ቱ ክፍሎች ያከፋፍሉ። ስሞቹ ላይ የእርስዎ ስም ወይም ስልክ እንዳይኖር። የአንዱ ቡድን ቁጥር በድንገት ካደገ ከየት እንደፈሰሰ ያውቃሉ፣ የሚቀይሩትም የዚያን ብቻ ነው። ተከራይ በለቀቀ ዕለት መቀየር ደግሞ እንደ በር ቁልፍ ይታይ።

አሁን ማኩ። እያንዳንዱ ተከራይ የዚህን ዋይፋይ ሴቲንግ ከፍቶ «ፕራይቬሲ» ላይ የስልኩን ትክክለኛ ማክ እንዲጠቀም ያድርግ። ደብተር ላይ የክፍል ቁጥር፣ ማክ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ይጻፍ። ስልኩን አይክፈቱ፣ የሚያየውንም አይከታተሉ፤ ከዚያ በላይ መረጃ አያስፈልግዎትም።

ፍኖተ፦
ለሰርቪሶቹ ሲግናል አይደርስም ብላችሁ ሁለተኛ ራውተር የምትጨምሩ ሰዎች፣ «አክሰስ ፖይንት» ሞድ ላይ አድርጉት። እንደ ራውተር ከተተወ ከሥሩ ያሉት ስልኮች ሁሉ ለዋናው ሞደም አንድ መሣሪያ ሆነው ይታያሉ፤ ደብተሩም ማኩም ከንቱ ነው። 20 ሜትር ካት 5ኢ የኔትወርክ ኬብል ይበቃል። በደጅ የሚያልፍ ከሆነ በክረምት መብረቅ ሲጀምር ከሁለቱም ጫፍ ይነቀል፤ አለዚያ ሞደሙ በዚያው ይሄዳል።

ሲስተም ሎግ የሚለውንም (የሞደሙን መዝገብ) አብሩት። መብራት በሄደ ቁጥር ግን ይጠፋል፣ ሰዓቱም ከ1970 የሚጀምር ሞደም አለ። ኤንቲፒን (ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን) አብርታችሁ የሰዓት ቀጠናውን ሲደመር 3 አድርጉ። መብራት ሲሄድ ለሞደሙ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይሠራል፤ አምፔሩ አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው አይነስ። በየሳምንቱ የሎጉን ገጽ ፎቶ አንሡ። ስታነቡም ልብ በሉ፦ 20:15 ከምሽቱ 2:15 ነው። ሳትቀይሩ እንደ እኛ ሰዓት ቆጥራችሁ ደብተር ላይ ብትጽፉት 6 ሰዓት ይዛነፍና የሌለ ሰው ትከሳላችሁ።

የማርቆስ ግቢ፦
ሦስቱን ስም ከፈልኩት፤ የፈሰሰው ከ4 እና 5 ቁጥር ክፍል ነበር። አሮጌው ስልክም በ2.4 ገባ። ፕሪንተሩ ብቻ አልገናኝ አለ፣ «ዌፕ» አድርጉልኝ ይላል።

ባለ ፒንሳ፦
በጭራሽ። ዌፕ የድሮ የዋይፋይ ሴኩሪቲ ነው፣ በደቂቃ ውስጥ ይከፈታል፤ ለአንድ ፕሪንተር ብለው አጥሩን አያፍርሱ። ኮምፒውተር ባለው ሰው ዘንድ በዩኤስቢ ገመድ ይሰኩት።