አንጀቱ እርስ በርሱ ተቋጥሯል ተባልን፣ ለምን ተቆረጠ? ተመልሶስ ይመጣል ወይ?

ማዶ_ተሻገር፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አጎቴ ምስራቅ ጎጃም ገበሬ ነው፣ አርባ ምናምን ዓመቱ ነው፣ ታሞ የማያውቅ ሰው። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ እርሻ ውሎ ማታ ራቱን ጥግብ ብሎ በልቶ ጠላም ጠጥቶ ተኛ፣ ሌሊት ቁርጠት ይዞት እየጮኸ ነቃ፣ ያስመልሰዋል፣ ፈስም ሰገራም እምቢ አለ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጎረቤት ጨጓራው ነው ብሎ ፌጦ በሎሚ አጠጣው ያንንም መለሰው። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲደርስ ወዲያው ሪፈር ተጻፈለት፣ በዛው ቀን ኦፕራሲዮን ሆነ። ሀኪሙ ሲወጣ ትንሹና ትልቁ አንጀት ተቋጥረው ሁለቱም ጠቁረው ነበር ቆርጠን አወጣን አለን፣ አሁን ሰገራው በሆዱ በኩል በከረጢት ነው የሚወጣው። ተመስገን ደህና ነው ግን ዘመድ እየተጨቃጨቀ ነው፣ አንዱ ቋጠሮውን ፈቶ መመለስ ሲችል ለምን ቆረጠው ይላል፣ ሌላው ከረጢቱ እድሜ ልክ ነው ይላል፣ አያቴ ደግሞ ቡዳ ነው ብላ ድርቅ ብላለች። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ተረኛው_ሬዚደንት፦
እግዜር ይማርላችሁ። ሰርጀሪ ሬዚደንት ነኝ፣ ማለት ቀዶ ህክምና ስፔሻላይዝ እያደረግኩ ያለሁ ሀኪም። ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ጥምዝ ክፍል ብቻውን የሚጠማዘዝበት ሲግሞይድ ቮልቩለስ እኛ አገር ብርቅ አይደለም፣ ድንገተኛ ክፍል ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። የአጎትህ ግን ኢሊዮሲግሞይድ ኖቲንግ ይባላል፣ ትንሹ አንጀት ከሲግሞይዱ ጋር ሲቋጠር ማለት ነው፣ ከዛኛው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው የሚያጋጥመው። በህክምና ጽሁፍ ከ1845 ጀምሮ ይታወቃል፣ ግን አሁንም ብዙ ጊዜ ሆድ ከተከፈተ በኋላ ነው የሚታወቀው፣ ምክንያቱም ምልክቱ ያምታታል፣ ኤክስሬዩ የትልቁ አንጀት መዘጋት ሲመስል በሽተኛው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው እንደ ትንሹ አንጀት መዘጋት ያስመልሰዋል።

እንዴት ይቋጠራል ላልከው፣ አንዳንድ ሰው ሲግሞይዱ ረጅም ሆኖ የተንጠለጠለበት ስሩ ጠባብ ነው፣ ትንሹ አንጀትም እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ባዶ በዋለ ሆድ በአንዴ ብዙ ምግብና ፈሳሽ ሲገባ የትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ከብዶ ወደ ታች ወደ ግራ ይወድቃል፣ ባዶው የታችኛው ክፍል ደግሞ በሲግሞይዱ ስር ይጠመጠማል፣ ከዛ አንጀት ስራው መንቀሳቀስ ስለሆነ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። ሁለቱም በአንዴ ይዘጋሉ የደም ስሩም ይታነቃል፣ በሰዓታት ውስጥ ጋንግሪን ነው፣ አንጀቱ ደም አጥቶ ይሞታል።

ለምን አልተፈታም? የሞተ አንጀት ከሆነ መፍታት ራሱ አደጋ ነው። ያበጠና የሳሳ ስለሆነ እጅ ላይ ይፈነዳል፣ ታግቶ የቆየው መርዝና ባክቴሪያም ደም ውስጥ ገብቶ የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደም ስሩ ተይዞ ይዘጋል ከዛ እንደተቋጠረ ነው ተቆርጦ የሚወጣው። አንጀቱ በህይወት ካለና በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ ይፈታል፣ ጠቁሯል ከተባለ ግን ያ ጉዳይ አብቅቷል። እኔ ብሆንም እንደዛው ነበር የማደርገው። ከዛ በፊት ደግሞ ግሉኮስ የምትሉት ፈሳሽ፣ በአፍንጫ ቲዩብ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ አንቲባዮቲክ ካልተሰጠ ሰውየው ማደንዘዣውንም ላይችለው ይችላል።

ተመልሶ ይመጣል ወይ፣ ሲግሞይዱ ከወጣ ይሄው ቋጠሮ አይደገምም። ኦፕራሲዮን የሆነ ሆድ ግን ውስጡ ተጣብቆ ሌላ ጊዜ ሊዘጋ ስለሚችል ቁርጠትና ማስመለስ ከመጣ ፌጦ የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ሆድ ማሳሸትም የለም!!

የወሎ_ልጅ፦
ዶክተር አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ባዶ ሆድ ካልክ እኛ የምንጾመው ሁሉ ልንቋጠር ነው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውለን ነው የምንበላው፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን አለ

ተረኛው_ሬዚደንት፦
ኧረ አይደለም 😀 የሚጾመው ሚሊዮን ነው ይሄ የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፣ አንጀቱ በተፈጥሮ ለዛ የተመቻቸ መሆን አለበት። ረመዳን ላይ ያጋጠሙ እንዳሉ ተጽፏል እውነት ነው። ጹሙ፣ ስትፈቱ ግን ቀስ እያላችሁ ብሉ።

ሲስተር_ነኝ፦
እኔ ስለ ከረጢቱ ልበል፣ ዶክተሩ ዘለለው። ኮሎስቶሚ ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ነው፣ ሰውየው አቅም ሲያገኝ ከተወሰኑ ወራት በኋላ እንደገና ተከፍቶ ይቀጠላል። ያኔውኑ ያልቀጠሉት ሆዱ ተመርዞ ግፊቱ ወርዶ ከነበረ ስፌቱ ሊለቅ ስለሚችል ነው። የከረጢቱን ቀዳዳ ከአንጀቱ ጫፍ ትንሽ ብቻ አስፍታችሁ ቁረጡት፣ በጣም ከሰፋ ሰገራው ቆዳውን ይበላዋል። ቆዳውን በውሃ ብቻ እጠቡት፣ አድርቁት፣ አልኮል እንዳታስነኩት። ጫፉ ቀይ እርጥብ መሆን አለበት፣ ከጠቆረ ወይ ወደ ውስጥ ከገባ ቶሎ አምጡት። ከረጢት ክፍለ ሀገር ላይ እንደልብ አይገኝም፣ ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ከገንዘብ ይልቅ እሱን ላኩ በሉት።

ማዶ_ተሻገር፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ለዘመድ አዝማድ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው። አያቴ አሁንም ቡዳ ነው እንዳለች ነው ግን ከረጢቱን በራሷ እጅ እያጠበች ነው። አንድ የቀረኝ፣ ትንሹ አንጀት ብዙ ተቆርጧል ብለውናል፣ ምግብ ይቸግረዋል?

ተረኛው_ሬዚደንት፦
በቀረው ርዝመት ይወሰናል፣ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ምን ያህል እንደወጣና ምን ያህል እንደቀረ ተጽፎ ከሆነ ፎቶ አንሱና ያዙት። ከ200 ሴንቲሜትር በላይ ከቀረ ብዙውን ጊዜ ይለምደዋል። የታችኛው ጫፍ በብዛት ከወጣ ግን ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው እዛ ስለሆነ እያደር ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ሊመጣ ይችላል፣ ለቀጠሮ ሲሄድ የቢ12 መርፌ ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።