ላፕቶፑ ዋይፋይ ይዟል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 ነው። ስልኮቹ በዚያው ዋይፋይ ይሠራሉ፤ ላፕቶፑ ብቻ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ስልኩ ከሠራ መስመሩን ተወው፣ ችግሩ ላፕቶፑ ጋ ነው። የዋይፋዩን «ፕሮፐርቲስ» ክፈትና ወደ ታች ወርደህ አይፒቪ4 አድራሻውን (ላፕቶፑ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) እይ። በ192.168 ከጀመረ አድራሻ አግኝቷል፤ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) 8.8.8.8፣ ማለትም የጉግልን፣ አድርገህ ሞክር። በ169.254 ከጀመረ ግን ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ላፕቶፑ ራሱ የፈጠረው ነው።

ጠያቂ፦ 169.254 ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ዋይፋዩን «ፎርጌት» በልና ፓስወርዱን እንደገና አስገባ። እምቢ ካለ «ኔትወርክ ሪሴት» አድርግ (የኔትወርክ ቅንብሮችን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል)፤ የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችን ሁሉ ስለሚያጠፋ ቀድመህ ጻፋቸው። ከዚያም ካልሆነ ራውተሩ ላይ የማክ ፊልተር (የተወሰኑ መሣሪያዎችን ብቻ የሚያስገባ ወይም የሚከለክል ቅንብር) በርቶ እንደሆነ አጣራ።

ሌላ መልስ፦ ሰዓትና ቀኑንም እዩት እንጂ! ቀኑ ከተዛባ ዋይፋዩ ደህና ሆኖም ብሮውዘሩ ገጾችን አልከፍትም ይላል። አሮጌ ላፕቶፕ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ብዙዎቹ ላይ ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት።