የደበዘዘ የመኪና የፊት መብራትን በቤት ስለማጥራት

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የመኪናዬ የፊት መብራት ሽፋን ቢጫ ሆኖ ስለደበዘዘ፣ በተለይ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በምሽት ስወርድ መንገዱን አጥርቶ አያሳየኝም። በጥርስ ሳሙና ማሸት በቂ ይሆናልን?

መልስ (ከባሕር ዳር)፦ ወንድሜ፣ የጥርስ ሳሙና ለጊዜው ቢያጠራውም አያዛልቅም፤ ሽፋኑ ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ የሚደበዝዘው የላይኛው መከላከያ ቅብ በፀሐይ ሲጎዳ ነው። በዙሪያው ያለውን የመኪናውን ቀለም በፕላስተር ሸፍነው፣ ሽፋኑን በውሃ እያራሱ በመጀመሪያ በ800፣ ቀጥሎ በ1500፣ በመጨረሻም በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ ከዚያም በፖሊሽ ይወልውሉት። ቁጥር መዝለል ጭረት ያስቀራልና እባክዎ አይቸኩሉ።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ፀሐይ የሚከላከል አዲስ ቅብ ካልተቀባበት ግን ተመልሶ ይደበዝዛል። ጭጋጉ ከውስጥ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና፣ ከመፈተግ በፊት ማሸጊያውን ያስመርምሩ።