ለጨፌ በግል የሚወዳደር ሰው ቢመረጥ ምን ይጠቅመናል? (ሰበታ)

የዓለም_ገና_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዓለም ገና ነው፣ ሸገር ከተማ ከተባልን በኋላም ሰው አሁንም ሰበታ ነው የሚለን። ሒሳብ ያስተማሩኝ ጋሼ አሉ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው፣ ለጨፌ ኦሮሚያ በግል ልወዳደር ነው ብለው ተነስተዋል። ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ክረምት ክረምት ጎርፍ የሚገባበት መንገድ ላይ በየቤቱ እየዞሩ ብር ሰብስበው ቱቦ ያስቀበሩት እሳቸው ናቸው፣ የከፈለውንም ያልከፈለውንም በደብተር ጽፈው ለዕድሩ ጉባኤ አንብበዋል። ከደብተሩ ላይ አንድ ብር አልጎደለም።

እና ቅስቀሳውን አብረሽኝ ስሪ አሉኝ። ባለቤታቸው ደግሞ ለብቻዬ ጠርተው «እባክሽ ልጄ አንቺን ይሰማሻል ተው በይው» አሉኝ፣ መሃል ላይ ቀረሁ። ጎረቤት ሳማክር ሁለት ነገር ነው የሚሉኝ። አንደኛው ብቻውን ገብቶ ምን ሊያደርግ ነው፣ ሁለተኛው ውሃ ያመጣልናል ወይ። ውሃ እኛ ጋ በሳምንት አንዴ ከመጣ ጥሩ ነው፣ ሌላውን ቀን ቦቴ ጠብቀን በጀሪካን ነው። ምን ብዬ ልመልስላቸው? እውነት ድምፅ ማባከን ነው?

ተስፋ_ከሱሉልታ፦
እህቴ መጀመሪያ ውሃ አመጣለሁ ብለው ፖስተር ላይ እንዳይጽፉ። የጨፌ አባል ቧንቧ አይዘረጋም። ጨፌ የክልሉን ሕግ የሚያወጣ፣ የክልሉን በጀት የሚያፀድቅ፣ ፕሬዝዳንቱን የሚሾም፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ጠርቶ የሚጠይቅ ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀፅ 50 ላይ የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ማለት የሚችሉት ለውሃ የተያዘው በጀት የት ደረሰ ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱንም መጥቼ ለእናንተ እነግራለሁ ነው። በደብተር ሒሳብ ያነበበ ሰው ይሄንን ሲል ሰው ያምነዋል፣ ሌላ ሰው ቢለው ግን ወሬ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ኦሮምኛ እንዴት ናቸው? የጨፌ ስብሰባ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ሰነዱም እንደዛው፣ መናገር ብቻ ሳይሆን አንብበው የሚከራከሩ መሆን አለባቸው።

የዓለም_ገና_ልጅ፦
በሱ አልሰጋም፣ ተፍኪ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ በሁለቱም ቋንቋ ነው ያስተማሩት። ዕድር ላይም ሽማግሌ ሲጣላ በአንዱ ጀምረው በሌላው ነው የሚያስታርቁት።

አባ_ጨዋ፦
ማስከፋት አልፈልግም ግን የሚስትየው ፍርሃት ትክክል ነው። ታሪኩን እዩት። በ2013ቱ ምርጫ ኦነግና ኦፌኮ ከውድድር ስለወጡ ኦሮሚያ ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ ብልፅግና ብቻውን ነው የቀረበው። ተወካዮች ምክር ቤት በመጀመሪያው ዙር ከተቆጠሩት 436 ወንበሮች ብልፅግና 410 ወሰደ፣ በግል የገቡት 4 ናቸው። ከዛ በፊት በ2002 ከ547 አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ነው የገባው፣ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ያሸነፉት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ የሀገር ፕሬዝዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። የእናንተ ጋሼ የሚታወቁት አንድ ዕድር ውስጥ ነው፣ የምርጫ ክልሉ ደግሞ ስንት ቀበሌ ነው። 537 ወንበር ያለው ጨፌ ውስጥ አንድ እጅ ቢወጣ በጀት አይቀይርም። የጡረታ ብራቸውን ለሞንታርቦና ለፖስተር ከሚያፈሱ እዛው ሰፈር ቢቀጥሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰናይት_ፉሪ፦
አባ ጨዋ ቁጥሩ ልክ ነው ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ የምርጫ ክልል የሚገባው አንድ ሰው ነው። ጨፌ ግን እንደዛ አይደለም፣ ኦሮሚያ ለተወካዮች 178 ወንበር ሲኖራት ጨፌው 537 ነው፣ አካፍለው፣ ከአንድ የምርጫ ክልል ሦስት ሰው ገደማ ማለት ነው። መራጩም ለጨፌው ወረቀት ላይ የሚመርጠው በወንበሩ ልክ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም! ፓርቲውን የሚወድ ጎረቤት ሁለቱን ለፓርቲው ሰጥቶ አንዱን ለጋሼ ይስጥ በይ፣ ከሰው ጋ ሳትጣሊ የምትቀሰቅሺው በዚህ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት በፓርቲ ተኳርፈው ሳምንት ምሳ ለየብቻ በልተዋል፣ አንዱን ድምፅ ለሚያውቁት ሰው ስጡ ቢባሉ ሁለቱም ይሰጡ ነበር።

ሌላው ተከራዮቹ ናቸው። ዓለም ገናም ፉሪም ግማሹ ሰው ተከራይ ነው፣ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽተው የመጡ፣ ሁሉም «እኔን አይመለከተኝም» ነው የሚለው። ይመለከተዋል፣ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ ይመዘገባል። ቤቱ የሱ መሆን የለበትም። እኔ ብሆን ቅስቀሳ ከመጀመሬ በፊት በየግቢው እየገባሁ ካርድ ወስዳችኋል ወይ ብዬ ነበር የምጠይቀው፣ ካርድ ያልወሰደ ደጋፊ ያው ባዶ ነው።

የአቃቂው፦
በ2013 ለአንድ እጩ ወኪል ሆኜ ምርጫ ጣቢያ ውያለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው የሚያስበው ሥራው ቅስቀሳው ላይ ነው ብሎ ነው፣ የደከምነው ግን የዛን ቀን ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቼ የገባሁት በማግስቱ ነው፣ ቦርዱ ሰዓቱን እስከ ማታ 3 ሰዓት አራዝሞ ነበር፣ ከዛ ቆጠራ ተጀመረ። ድምፅ የሚቆጠረው እዛው ጣቢያው ውስጥ ነው፣ ውጤቱም እዛው ይለጠፋል። እኛ ግን ለሁሉም ጣቢያ ሰው አልነበረንም፣ ባሉን ጣቢያዎችም ከሰዓት ላይ ርቦት የሄደ ነበር፣ ስልኩ ዘግቶበት የተለጠፈውን ፎቶ ያላነሳ ነበር። በነጋታው እጩያችን ስንት አገኘሁ ሲሉን አንድ ላይ ደምረን መንገር አልቻልንም፣ አንገቴን ነው የደፋሁት።

ስለዚህ ጋሼ ብር ካላቸው ሞንታርቦ ላይ አያውሉት። ለየጣቢያው ሁለት ሁለት ሰው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ እንዲተካ፣ ምሳ ቋጥራችሁ፣ ፓወር ባንክ፣ እስክሪብቶና ወረቀት። ያስተማሯቸው ልጆች የት ሄዱ? አንድ መምህር በስንት ዓመት ስንት ልጅ ያስተምራል፣ ከነሱ ውስጥ አንድ ቀን የሚቀመጥላቸው አይጠፋም። ፓርቲ የሌለው ሰው ፓርቲው እነሱ ናቸው።

አባ_ጨዋ፦
የሦስቱን ወንበር ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ እሱ ይለያል። አሁንም ከባድ ነው እላለሁ፣ ግን ከሠሩት እንደ አቃቂው ይሥሩት።

የዓለም_ገና_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትላንት ማታ ቤታቸው ሄጄ ይሄን ሁሉ አነበብኩላቸው፣ ባለቤታቸውም ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ብዙ አልተናገሩም፣ የጡረታውን ብር አልነካም ብለው ለባለቤታቸው ቃል ገቡ፣ ከዛ የድሮ የክፍል ስም መጥሪያ ከሳጥን አወጡ። እስከ እኩለ ሌሊት ማን የት እንዳለ ስንጽፍ አመሸን፣ ባለቤታቸውም መጨረሻ ላይ «የእንትና ልጅ እኮ ተመልሳ ቀበሌ 03 ነው ያለችው» እያሉ ይጨምሩልን ጀመር። እስካሁን 41 ስም አለን፣ ስልክ ያገኘነው የ17ቱን ነው። ሰበታ የተማራችሁና ጋሼን የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ቤት ፊት ለፊት እንገናኛለን።