የጀርመኖቹን ኮምጣጣ ዱባ ሞክሬ ጉድ ሆንኩ፣ ምን አጥፍቼ ነው?

ሚሚ ላይፕዚግ፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ፎቅ ላይ ያሉት ጀርመናዊት ጎረቤቴ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ዱባ በኮምጣጤና በስኳር አብስለው በጠርሙስ ያስቀምጣሉ፣ ቀረፋ ቅርንፉድ ምናምን አለው፣ አንዴ አቀመሱኝና በቃ ለከፈኝ 😂 ከሽሮ ጋር ደግሞ አትጠይቁኝ! የነቢያት ጾም ሳይገባ ብዬ ትናንት ራሴ ሞከርኩ። 1 ኪሎ ሆካይዶ ዱባ ከነልጣጩ ከታተፍኩ፣ አንድ ብርጭቆ ኤሲሽ ኤሰንስ የሚሉት ኮምጣጤ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ስኳር፣ 2 እንጨት ቀረፋ፣ ቅርንፉዱን በእጄ ዘገን አድርጌ ጨመርኩበትና 20 ደቂቃ አፈላሁት። ዱባው ገንፎ ሆኖ አረፈው፣ ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ አስለቀሰኝ፣ ባሌ መስኮቱን በርግዶ በረንዳ ላይ ወጣ፣ ጫፉን ብቀምስ ምላሴ ደነዘዘ። ውሃ ጨምሬበት ይድናል ወይስ ልድፋው? እሳቸውን እንዳልጠይቅ ልጃቸው ጋ ሄደዋል።

አባ ድስት፦
እህቴ ድፊው!! ኤሰንስ እኮ 25 ፐርሰንት አሲድ ነው፣ ተራው አቸቶ 5 ነው። አንድ እጅ ኤሰንስ በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ ነው አቸቶ የሚሆነው፣ አንቺ እኩል በእኩል አድርገሽው። እኛ ቤት የሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር ማስለቀቂያ ነው 😂 ምላስሽ የደነዘዘው ግን በቅርንፉዱ ይመስለኛል፣ ጥርስ ሲያመን ያስነክሱን አልነበር?

የበርሊኗ፦
ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ፣ ዱባም ከዱባ ይለያል። ሆካይዶ ለሾርባ ነው፣ ቶሎ ይፈርሳል። ሙስካት የሚሉትን ግዢ፣ እሱ ከጠፋ ቡተርናት። ልጣጩንና ፍሬውን አውጥተሽ 1 ኪሎ ሥጋውን የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህል ክተፊው። ግማሽ ሊትር 5 ፐርሰንት ኮምጣጤ፣ ሩብ ሊትር ውሃ፣ 400 ግራም ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ 6 ፍሬ ቅርንፉድ (ቆጥረሽ!)፣ ጥቂት ስስ ዝንጅብል አፍልተሽ ዱባው ላይ አፍሺውና ይደር። ጠዋት ፈሳሹን ለብቻው አፍልተሽ ዱባውን መልሺበት፣ አጠገቡ ቁሚ፣ ዳር ዳሩ እንደ መስታወት ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር አውጪው፣ መሀሉ ገና ጠንከር ይበል። በፈላ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ ከነትኩሱ፣ ፈሳሹ ዱባውን ይሸፍነው፣ ሲበርድ ፍሪጅ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አትክፈቺ፣ እኔ አንዴ በሦስተኛው ቀን ከፍቼ ኮምጣጤ ብቻ ነው የቀመስኩት። የተፈጨ ቀረፋ እንዳታደርጊ ይደፈርሳል። ከአገር ቤት የመጣው የአሉሚኒየም ድስትም ለዚህ አይሆንም፣ አሲዱ ይበላዋል።

ጣፋጭ ወዳጅ፦
እኔ መኮምጠጡን አልወደውም፣ ኮምጣጤውን በግማሽ ቀንሼ ጠርሙሱን በደንብ ከድኜ ቁምሳጥን ውስጥ ባስቀምጠውስ?

አባ ድስት፦
ኧረ በፍጹም! ዱባ በራሱ በቂ አሲድ የለውም፣ ከመበላሸት የሚጠብቀው ኮምጣጤው ነው። አሲዱ አንሶ አየር ሳያገኝ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ያድግበታል፣ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል እኮ፣ ሰው ይገድላል። ከኮመጠጠሽ ስኳሩን ጨምሪ፣ ኮምጣጤውን አትንኪ።

የኮረሪማ ልጅ፦
እኔ 3 ፍሬ ኮረሪማ ፈልቅቄ ፍሬውን ሳልፈጭ እጨምራለሁ፣ አንድ ደረቅ ሚጥሚጣም ከነነፍሱ። ጀርመን የሥራ ባልደረቦቼ ከድንች ጋር ጠርሙሱን ባዶ አድርገው መለሱልኝ። ቀረፋውን ግን ያኔ በግማሽ ቀንሱ፣ ሁለቱ ይጣላሉ።

ሚሚ ላይፕዚግ፦
ደፋሁት 😭 እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሙስካት ብዬ የገዛሁት የመኪና ጎማ ያህላል፣ ባሌ ነው ተሸክሞ ያመጣው፣ ግማሹ ለዱባ ወጥ ሄዷል። ግማሹ አሁን ተከትፎ ፈሳሹ ውስጥ ተነክሯል፣ ቅርንፉዱን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ባሌ ጠዋት ከማፍላትሽ በፊት ቀስቅሺኝ ብሏል፣ ቀድሞ ሊወጣ።